ከነጥቧ ወዲያ

ሐረገ ወይን ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ሕልም ይመላለስባት ነበር። አድማሱ ከማሳው ዳር ቆሟል። በሬዎቹ ቦራና ዳልቻ አጠገቡ ናቸው፤ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ቀንበሩን ከጫንቃቸው ያወርዳል። የዚያ ሰው ፊት አይታይም፤ የአድማሱም ፊት አይታይም። ጉም አለ፤ ከበሽሎ ገደል ተነስቶ ሽቅብ እየተሳበ መጥቶ ቤቱንም ካቡንም ከብቱንም የሚውጠው የስማዳ ጉም። ትጠጋለች። በተጠጋች ቁጥር የባሏ ፊት እየሟሟ ይሄዳል። ስትነቃም ያው ነው። ጢሙ ትዝ ይላታል፤ ኩታውን ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርግበት አኳኋን ትዝ ይላታል፤ ከእርሻ ሲገባ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ለበሬዎቹ ድርቆሽ እየጣለ «እኔ እኮ አፍ አለኝ፤ እነሱ ምን ብለው ይጠይቁ» ሲል ድምፁ ሳይቀር ይመጣላታል። ፊቱ ግን እምቢ አለ። ሞቱን ሰው ሁሉ አብሯት አልቅሶላታል፤ የፊቱን መጥፋት ግን ለማን ትናገር፤ እሱ ነበር አንጀቷን የሚበላው።

የሞተው በሰኔ ነው፤ በእርሻ መሀል። ማሳው ከማሩ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ማሩ ባዳ አይደለም፤ ሲቆጠር ዘመድ ነው፤ በማኅበር አብረው ጠጥተዋል፣ በደቦ አብረው አጭደዋል። በሁለቱ ማሳ መሀል የጥንት ሰዎች የተከሉት፣ ወገቡን ነጭ መስመር የዞረው የወሰን ድንጋይ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት አድማሱ ሲደርስ ድንጋዩ ወደ እሱ ማሳ ገባ ብሎ አገኘው። ማሩ ጎርፍ ነው አለ። አድማሱ ደግሞ ሽቅብ የሚወጣ ጎርፍ በየት አገር አየህ አለው። እንግዲህ ሁለት ትልም የማይሞላ መሬት ነው፤ ገብስ ቢዘራበት ለአንድ ድግስ ጠላ አይበቃም። ግን ርስት ነው፤ ርስት ሲነካ በዚያ አገር የሰው ዓይን ደም ይለብሳል። ነገር ነገርን እያነሳ ሄደ። ማሩ ትከሻው ላይ ጠበንጃ ነበረው፤ አድማሱ ሽጉጡን ቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ነበር የወጣው። ማሩ ተኩሶ ገደለው፤ ገድሎም ወደ በሽሎ ቆላ ወርዶ ጫካ ገባ።

ያን ቀን ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ ቦራና ዳልቻ ብቻቸውን ከደጇ መጡ። ቀንበር የለባቸውም፤ ጫንቃቸው ላይ ግን የቀንበሩ ላብ አልደረቀም። ሐረገ ወይን ዛሬስ በጊዜ ፈታ ብላ ደስ አላት። ይህችን ደስታ ከዚያ ወዲህ ስታስታውሳት ራሷን ትጠላለች፤ ግን ምን ይደረግ፣ ደስ ብሏት ነበር። ከኋላ እየመጣ ነው ብላ ጠላውን ቀድታ አስቀመጠችለት። ኡኡታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎች ሲደርሱ ቀንበሩን ከማሳው ዳር ካለው ዋንዛ ሥር ተደግፎ፣ የበሬዎቹን የአንገት ገመድ ማነቆውንም ጥቅልል ብሎ ላዩ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ማን ፈታቸው? ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቀች፤ ሁሉም እኛ ስንደርስ ተፈትተው ነበር አሉ። ቅዱስ ሩፋኤል ነው የፈታቸው ያለም ነበር። መልአኩ ሰውየውን ማዳን ትቶ ማነቆ ሲጠቀልል ዋለ ማለት ነው፤ አይ የሰው አፍ! እሷም ቆየት ብላ መጠየቁን ተወችው፤ ነገሩ ግን ሕልሟ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

የዓመቱ ተዝካር ወጥቶ ክረምቱ ሲገባ ከወገዳ ገበያ ወሬ መጣ። ማሩ ከቆላ ወጥቶ ታይቷል፤ «የአድማሱን ዘር አላስቀርለትም፤ መሬቱን የሚጠይቀኝ ሰው አይኖርም» ብሏል የሚል ወሬ። የአድማሱ ዘር ማለት እንግዲህ ዓለምጸሐይ ናት፤ ገና በዳዴ የምትሄድ፣ ጥርስ የምታበቅልበትን ድድ በአባቷ የጭራ እጀታ ላይ የምታክክ ሕፃን። ሐረገ ወይን ወሬውን እንደሰማች ሁለቱን መንገድ አመዛዘነች። ልጇን አዝላ ወደ ወላጆቿ አገር ብትሄድ መሬቱ ባዶ ይሆናል፤ ብትቀመጥ ደግሞ ቤቱ ከሌላው ቤት ርቆ ካብ ላይ የተሠራ ነው፤ ብትጮህ እንኳ በጉም ቀን ድምፅ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ራሷ ነው። እስቴ ላሉት አጎቷ መልእክት ላከች።

አጎቷ ሃምሳ አለቃ ታፈረ ይባላሉ። ክብር ዘበኛ የነበሩ፣ ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ፣ ከዚያም ወዲያ ለጃንሆይ አጃቢዎች ሽጉጥ ያስተማሩ ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተው መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ከሰው ጋር ሲከራከሩ ይውላሉ። ግራ ጆሯቸው በመድፍ ጩኸት ደንቁሯል፤ የማይፈልጉትን ነገር ሲነግሯቸው በዚያ በኩል ያዳምጣሉ። መልእክቱ በደረሳቸው ሰሞን በበቅሎ፣ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ጫማቸው እንደ መስታወት አብርቶ መጡ። ከበቅሎ ወርደው አንድ እርምጃ እንደ ተራመዱ ጭቃው ጫማቸውን እስከ ቁርጭምጭሚት ዋጠው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጫማቸውን ይወለውላሉ፤ ወለውለው ይወጣሉ፤ ጭቃው ይቀበላቸዋል። አንድም ቀን ግን ሳይወለውሉ አልወጡም።

ሽጉጡን ከምሰሶው አወረዱት። ስድስት ጎራሽ ነው፤ የአድማሱ አባት በጣሊያን ጊዜ ያገኙት። ፈተው፣ ጠርገው፣ ዘይት ቀቡት፤ ሲያሽከረክሩትም ድምፁን በደኅናው ጆሯቸው አዳመጡት። ከዚያ አስተያየታቸውን ሰጡ፤ ሽጉጡ ደኅና ነው፣ የሚያስቸግረው ሰው ነው አሉ። የዚህ አገር ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን አፍኖ፣ የዓለምን ነገር እያሰበ የሚያነጣጥረው ጠበንጃ ስለለመደ ነው፤ ሽጉጥ ግን አጭር ናት፤ አፈሙዟ ፀጉር ታህል ከዞረ ጥይቷ ሌላ መንደር ትሄዳለች። ስለዚህ ሁለት ዓይንሽን ክፈቺ አሏት። በሠራዊቱ ባንድ እጅ ነው የምናስተምረው፤ ያንቺ ክንድ ግን ቀጭን ነው፣ በሁለት እጅሽ ጨብጪው፤ ኮሪያ ጉድጓድ ውስጥ ሆነን እኔም በሁለት እጄ ነበር፣ ያየኝ ሹም የለም አሏት።

የማነጣጠሩ ነገር እንዲህ ነው። ከኋላ ስንጥቅ አለች፤ ከፊት አፈሙዙ ጫፍ ላይ አንዲት ጥርስ አለች። የፊተኛዋን ጥርስ የኋለኛው ስንጥቅ መሀል ታስገቢያለሽ፤ ጫፋቸው እኩል ይሁን፤ በግራና በቀኝ የሚታይሽ ብርሃን እኩል ይሁን። ይኼ ቀላል ነው፤ ሚዛን ያየ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው። ዓይን ሦስቱን ነገር ባንዴ አጥርቶ አያይም፤ ስንጥቁን፣ ጥርሷን፣ ሰውየውን። ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አለበት። ሰው ሆኖ የሚመጣበትን ጠላት ትቶ አንዲት የብረት ጥርስ የሚያይ የለም፤ ዓይን ወደሚፈራው ነገር ይሮጣል። ሠልጣኝ ሁሉ የሚስተው ለዚህ ነው።

«ጥርሷን እይ» አሏት ታፈረ። «ሰውየው ይደብዝዝ። ጉም ይሁን።»

«ጉም ከሆነ ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ፣ አያ?»

ታፈረ በደኅናው ጆሯቸው ነበር የሰሟት። «ሽጉጡን ከማንሳትሽ በፊት እወቂ» አሉ። «መጀመሪያ እጁን እይ፤ ምን ይዟል? ቀጥሎ ፊቱን። ካነሳሽ በኋላ ግን ጥርሷን ብቻ። ቅደም ተከተሉ ከጠፋሽ ሽጉጡን ባትማሪው ይሻላል።»

ጥይት ውድ ነውና አብዛኛው ትምህርት በባዶ ሽጉጥ ነበር። ታፈረ አፈሙዙ ላይ አንዲት የገብስ ፍሬ ያስቀምጣሉ። ምላጩን ስትስብ ፍሬዋ ከወደቀች እጅሽ ደንግጧል ማለት ነው። ምላጭ አይነጠቅም፤ በትዕግሥት ይጨመቃል፤ ተኩሱ ራሱ ተኳሹን እስኪያስደንቀው ድረስ። እጄ ይንቀጠቀጣል ስትላቸው ይንቀጥቀጥ አሏት፤ ልቡ የሚመታ ሰው ሁሉ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንቺ ብቻ መጨመቁን አታቋርጪ። ክንድ የሚደርስበት ከሆነ ደግሞ ጥርስም ስንጥቅም አትፈልጊ፤ ያን ጊዜ ደረትሽ ወደሚያይበት መተኮስ ነው። ከዚያ ራቅ ካለ ግን ያለ ጥርሷ ጥይት ማባከን ነው። ሐረገ ወይን ልጇ ስትተኛ፣ ጎመኑ እስኪበስል፣ ላሟ እስክትታለብ ባዶውን ሽጉጥ በሁለት እጇ ዘርግታ ትቆም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ቤቱ ውስጥ ገብስ ተዘርቶ ዋለ፤ ዶሮዎቹ ደስ አላቸው። ወደ ነሐሴ ግን ፍሬዋ አትወድቅም።

ጉም በበዛ ጊዜ ጥርሷ ጠፋቻት፤ ጥቁር ብረት በጉም ውስጥ ምን ይታያል። ታፈረ የስንዴ ሊጥ አስመጥተው ጥርሷ ጀርባ ላይ በጣታቸው ነካ አደረጉባት። ሊጡ ደረቀ፤ አንዲት ነጭ ነጥብ ሆነ። አሁን ጉሙ ምን ቢከፋ ነጥቧ ትታያለች። ኩበት ካብ ላይ አቁመው በእውነተኛ ጥይት ሞከረች፤ ኩበቱ ከመሀሉ ተበሳ። መንደሩ ተኩስ ሲሰማ የማን ሠርግ ነው፣ የማን ሞት ነው እያለ ይጠያየቃል፤ ሐረገ ወይን ኩበት እየገደለች ነው ሲባል ሰው በሳቅ ሞተ። የአገር ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ያኔ ባይስቁ ጥሩ ነበር።

አንድ ነገር ለማንም አልነገረችም። ያችን ነጭ ነጥብ ወድዳት ነበር። ነጥቧን ስታይ ከወዲያ ያለው ሁሉ ይለሰልሳል፤ ካቡም፣ ዋንዛውም፣ ማሳውም፣ ያ የተረገመ ድንጋይ ያለበት ዳርቻም ተቀላቅለው አንድ ነጭ ዝምታ ይሆናሉ። እዚያ ውስጥ አድማሱ አልሞተም፣ ማሩም አልተወለደም። ዓመት ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ለአፍታ ይነሳላታል። እየቆየች ያለ ሽጉጥም ታያት ጀመር፤ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ሳለች ነጥቧ ፊቷ ትመጣለች፣ ካህናቱ ይደበዝዛሉ፣ ዜማው ብቻ ይቀራል። ሕልሟም ተለወጠ። አሁን ከማሳው ዳር ስትደርስ ሽጉጥ ይዛለች፤ ጎንበስ ብሎ ቀንበር የሚፈታው ሰው ላይ ነጥቧን ታሳርፋለች፤ ሰውየው ጉም ይሆናል፤ ትጨምቃለች፤ ገብሷ አትወድቅም። ሕልሙ ከመልቀቁ በፊት ሁልጊዜ አድማሱ ተቆጥቶ ፊቱን የሚያዞርባት ይመስላት ነበር። ግን ፊት ስለሌለው እርግጠኛ መሆን አልቻለችም።

የነፍስ አባቷ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በዚያ ክረምት ተመላልሰው መጡባት። ጠምዝዘው ጠምዝዘው አንድ ነገር ላይ ለመድረስ ይሞክራሉ፤ የሰው ልብ ስለሚመለስበት መንገድ፣ ጫካ ያለ ሰውም ነፍስ እንዳለው። ሐረገ ወይን የት ሊያደርሷት እንደሆነ ሲገባት ትነሳለች። ስሙን እቤቴ አያንሱብኝ፣ አባቴ፤ ካነሱት ቡራኬዎን ሳልቀበል እሸኝዎታለሁ አለቻቸው። እሳቸውም መስቀላቸውን አሳልመዋት ሄዱ። ማሩ ከቆላ ወጥቶ መሪጌታ እግር ላይ መውደቁን፣ ዘር አላስቀርም የሚለውም ወሬ ከማሩ አፍ ሳይሆን ከገበያ አፍ የወጣ መሆኑን ሊነግሯት ፈልገው ነበር። ስሙን ካላነሱ ግን ይኼን በምን ይንገሯት።

ጳጉሜ ሲገባ ታፈረ አዲሱን ዓመት ከቤቴ ልዋል ብለው በቅሏቸውን አስጫኑ። ሽጉጡን በጥይት ሞልተው፣ ሊጡን አድሰው ሰጧት። ማሩን ሊያስታርቁ ያሰቡት ሽማግሌዎችም የሚጠብቁት የእሳቸውን መሄድ ነበር። በዚያ አገር ደም የሚታረቀው እንዲህ ነው፤ እምቢ የሚለው ሰው አስቀድሞ አይነገረውም። ማልደው ይሄዳሉ፤ መስቀል የያዘ ካህን ከፊት፣ ሽማግሌ ቀጥሎ፣ ገዳዩ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከኋላ። ከአጥሩ ውጭ ቤቶች ብለው ይጠራሉ፤ ባለቤቱ ሲወጣ ሁሉም እግሩ ላይ ይወድቃል፤ እግሩ ላይ የወደቀን ካህን ረግጦ የሚያልፍ ክርስቲያን የለም። ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ስንቱን ደም አድርቋል። ብቻ ከብልሃቱ ውስጥ አንድ ነገር ተረስቷል፤ ኩበት የምትገድለውን ሴት ማንም አላሰባትም።

ቀኑ የሩፋኤል ዕለት ነበር። በመንገድ ላይ ዝናብ ጣለ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፤ ሽማግሌ ሆኖ ያን ዝናብ ዘሎ የሚሄድ የለም፤ ሁሉም ወንዙ ዳር ልብሳቸውን ጥለው ጸሎት እያደረሱ ይጠመቁ ጀመር። ማሩን ጠብቀን አሉት። ማሩ ግን ድንጋዩን የሟች ደጅ ሳልደርስ አላወርድም ብሎ ለነፍስ አባቱ ተስሏል። አንገቱ ደንዝዟል፤ ቢቆም ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ቢቀመጥ አይነሳም። ትንሽ ቀደም ልበል ብሎ ወደ ጉሙ ገባ።

ሐረገ ወይን ከካቡ ሥር ዝናብ ያልነካው ኩበት ትለቅም ነበር። ሽጉጡ መቀነቷ ውስጥ ነው፤ ዓለምጸሐይ ቤት ውስጥ ተኝታለች። ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ነበር፤ ዋንዛው የለም፣ አጥሩ የለም። ከዚያ ነጭ ነገር ውስጥ የእግር ድምፅ ሰማች። ከባድ እግር ነው፤ ይጎተታል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጎተታል። ቤቶች የሚል ድምፅ አልመጣም። የሚመጣ ሰው ሁሉ ቤቶች ይላል፤ የማይል ክፉ ነው። ማነህ አለች። መልስ የለም። ጉሙ ትንሽ ሳሳ፤ የአጥሩ በር ላይ ጥላ ቆመ፤ ትከሻው ላይ ጥቁር ነገር ያለ፣ ክንዶቹን ወደዚያ ነገር ያነሳ። ጠበንጃ ነው አለች በልቧ። ቤት ውስጥ ሕፃኗ ስትገላበጥ የመኝታዋ ሳር ሲንኮሻኮሽ ሰማች።

እጇ ራሱ ያውቅ ነበር። ሽጉጡ ከመቀነቷ ወጣ፤ ሁለት እጇ ተዘረጋ፤ ጥርሷ ስንጥቋ ውስጥ ገባች። ነጭ ነጥቧ መጣች። እንዲያ ጠርታ ታይታት አታውቅም፤ ሊጡ መሀሉ ላይ ቀጭን ስንጥር አለው፣ የአጎቷ ጣት አሻራም ይታያል። ከነጥቧ ወዲያ ያለው ሰው ለሰለሰ፤ ጉም ሆነ። ያ የምታውቀው ዝምታ መጣላት። ፍርሃት የለም፣ ሐዘን የለም፣ ስም የለም። መጨመቅ ጀመረች። ገብስ ቢኖር አትወድቅም ነበር።

እጁን እይ። የታፈረ ድምፅ አይደለም፤ የራሷ ነው። እጁን አላየሁም አለች፤ እጁን ሳላይ ነው ያነሳሁት። ዓይኗን ከነጥቧ ነቅላ ወደ ወዲያ ወረወረችው። ነጥቧ ደበዘዘች፤ ሰውየው ከጉሙ ወጣ። ሁለቱም እጆቹ ከማጅራቱ ላይ ድንጋይ ጨብጠዋል። የድንጋዩን ወገብ ነጭ መስመር ዞሮታል። ያን ድንጋይ በዓለም ላይ የማያውቅ ሰው ሊኖር ይችላል፤ እሷ ግን በጨለማ በእጇ ዳስሳ ታውቀዋለች። ጣቷ ቀድሟት ሄዶ ነበርና እጇን ወደ ጎን ገፋ ለማድረግ ብቻ ጊዜ አገኘች። ሽጉጡ ጮኸ፤ እንደ ተማረችውም ተኩሱ ራሷን አስደነቃት። ጥይቱ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ማሩ አልሸሸም። ድንጋዩንም አላወረደም። ባለበት ቆመ፤ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ድንጋዩ አንገቱን አንቆት ነበርና ድምፅ አልወጣም። ከስቷል፣ ጢሙ ሸብቷል፣ እግሩ ቆስሏል። አወቀችው። ያኔ ጥላቻው መጣ፤ እውነተኛው፣ እሳት የሆነው። ጉሙን መግደል ቀላል ነበር፤ አሁን ግን ይህን ሰው፣ ማሩን፣ በማኅበር ከእጁ ጽዋ የተቀበለችውን ማሩን መግደል ፈለገች፤ እስክትታመም ድረስ ፈለገች። ሽጉጡን እንደገና አነሳች። ነጥቧን ፈለገች። ዓይኗ እምቢ አላት፤ የሰውየው ፊት ላይ ተጣብቆ ቀረ። ያን ፊት ስታይ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ አድማሱን በሕይወት መጨረሻ ያዩት እነዚህ ዓይኖች ናቸው። እሷ ያጣችውን ፊት ይህ ሰው ይዞት ነው ዓመት ሙሉ ጫካ ውስጥ የሚዞረው።

«መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ» አለችው። «ምን ብሎህ ሞተ?»

ማሩ ድምፁ እስኪመጣ ብዙ ታገለ።

«በሬዎቹን ፍታልኝ አለኝ» አለ። «ቀንበር ላይ እንዳይውሉ አለኝ።»

«ፈታህለት?»

«ፈታኋቸው። ቀንበሩን ዋንዛው ላይ አስደገፍኩት። ማነቆውን ጠቀለልኩት... እያየኝ ነበር። ስጨርስ ዓይኑ ቆሞ ነበር።»

ሐረገ ወይን መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሽጉጡ ጭኗ ላይ ወደቀ። ቦራና ዳልቻ በጊዜ ከደጇ ሲደርሱ ያየችው ደስታ፣ ዓመት ሙሉ ያፈረችበት ያ ደስታ፣ አድማሱ ራሱ የላከላት ነበር ለካ። በዚያን ጊዜ ፊቱ መጣላት። ማሳው ዳር ተጋድሟል፤ ግንባሩ ላይ ላብ አለ፤ ቅንድቡ እንደ ልማዱ ተሰብስቧል፤ የሚያየው እሷን አይደለም፣ ማሩንም አይደለም፤ በሬዎቹን ነው። ሌላ ምን ሊያይ ኖሯል። ከተቀበረ ወዲህ እንዲህ አልቅሳ አታውቅም።

ሽማግሌዎቹ ተኩሱን ሰምተው ግማሽ ራቁታቸውን፣ ከነጠላቸው ውሃ እየተንጠባጠበ በሩጫ ደረሱ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ከፊት ናቸው፤ ገና ከሩቅ እየጮሁ የማሩን ነፍስ ለእግዚአብሔር አስረክበው ነበር። ማሩ ቆሞ ሲያዩት መሬት ወደቁ፤ ከደስታም ከእፍረትም። ሊለምኗት ጀመሩ፤ ስለ ወላዲተ አምላክ፣ ስለ ሩፋኤል፣ ይቅር ለእግዜር በይ። ሐረገ ወይን እንባዋን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች። ይቅርም አላለች፣ አይሆንምም አላለች። ድንጋዩን ቦታው ያድርሰው ብቻ አለች፤ ሽጉጡንም ለመሪጌታ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ትኩስ ድንች እንደ ያዘ ሰው ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጡት ተከተሏት።

ወደ ማሳው ፊት ፊት እየሄደች መራችው። የድንጋዩ የጥንት ጉድጓድ አሁንም አለ፤ መሬቱን በእኩል የሚያርስላት ሰው ማረሻ እንዳያስነካው ከልክላው ነበር። ሣር በቅሎበት፣ የሩፋኤል ውሃ ተኝቶበታል። ማሩ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ጎንበስ ሊል ሞከረ፤ አንገቱ አልታዘዝ አለ፣ እጆቹም ደንዝዘው ድንጋዩን መልቀቅ አልቻሉም። ሽማግሌዎቹ ለማገዝ ሲነሱ ሐረገ ወይን ቀደመቻቸው። እጆቿን ከድንጋዩ ሥር አስገባች። ክብደቱ ክንዷ ላይ ወረደ፤ ፊቷ ከማሩ ፊት ጋር ሊነካካ ደረሰ፤ ትንፋሹ ይሰማታል። አብረው ዝቅ አሉ። ነጩ መስመር ወደ ጉድጓዱ ጠርዝ ሲጠጋ አድማሱ ላይ ምላጭ የሳበችው የማሩ ጣት ከድንጋዩና ከጠርዙ መሀል ልትገባ ስትል አየች።

«ጣትህን ጠብቅ» አለችው።

ድንጋዩ ቦታው ገባ። ሽማግሌዎቹ ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልጠየቋትም።